ከመብራት ቆጣሪ እስከ እጅ ስልክ፦ ማይክሮፕሮሰሰር ትእዛዝን እንዴት አምጥቶ ይፈጽማል?

ማይክሮፕሮሰሰር በጥፍር ልክ በሆነ የሲሊከን ስባሪ ላይ የተሠራ፣ በቁጥር የተጻፉ ትእዛዞችን ከማኅደረ ትውስታ እያመጣ፣ ትርጉማቸውን እየፈታና እየፈጸመ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ አካል ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቅድመ ክፍያ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ በኪስ ያለው ስልክ፣ በስልኩ ውስጥ የገባው ሲም ካርድ፣ በባንክ ካርድ ላይ ከወርቃማው ሰሌዳ ሥር የተቀመጠው ቺፕ፣ የእህል ነጋዴው ዲጂታል ሚዛን፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሁሉም ይህን አካል ወይም የእርሱን ታናሽ ወንድም በውስጣቸው ይዘዋል።

አርሶ አደሩ የማዳበሪያ ክፍያውን በስልክ ሲፈጽም፣ የከተማው ነዋሪ የመብራት ካርዱን ሲሞላ፣ ገንዘቡም መብራቱም በእነዚህ ጥቃቅን አካላት የትእዛዝ አፈጻጸም ውስጥ ያልፋል። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ መሣሪያው ለምን እንደሚደነዝዝ፣ አጥፍቶ ማብራት ለምን ብዙ ጊዜ መፍትሔ እንደሚሆን፣ መቼስ መፍትሔ እንደማይሆን መረዳት የሚቻለው ትእዛዝ እንዴት እንደሚመጣና እንደሚፈጸም ሲታወቅ ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ረቂቅ ይመስላል፤ አንድ በአንድ ሲፈታ ግን ደምሮ መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ የሚከተለው ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው አሮጌ ቺፕ

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር የኢንቴል ኩባንያ 4004 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ይፋ ሆነ። 2,300 ገደማ ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ መነሻውም ቢዚኮም የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለሒሳብ መሥሪያ ማሽኖቹ ያቀረበው ጥያቄ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ የሚስማማው ግን ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው 6502 የተባለው ነው። ይህን ቺፕ የሠሩት ቸክ ፔድል፣ ቢል ሜንሽና ጓደኞቻቸው ሲሆኑ፣ ሞቶሮላን ለቀው ወደ ሞስ ቴክኖሎጂ ከተዛወሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 በ25 ዶላር ለገበያ አቀረቡት። ተፎካካሪዎቹ በመቶዎች ዶላር ሲጠይቁ በነበረበት ወቅት ይህ ዋጋ ብዙዎችን ያጭበረበረ መስሏቸው እንዲጠራጠሩ አድርጓል። የመጀመሪያዎቹ የአፕል ኮምፒውተሮች የተሠሩት በዚሁ ቺፕ ነው። የተሻሻለው ዝርያው ዛሬም ይመረታል።

የተመረጠበት ምክንያት ዋጋው ወይም ዝናው አይደለም። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ጥቂት ሺዎች ብቻ በመሆናቸው፣ የሚያደርገው ነገር ሁሉ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ይገባል። የዘመኑን የስልክ ቺፕ እንዲህ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ማወቅ ለአንድ ሰው የሚቻል አይደለም። መሠረታዊ አካሄዱ ግን አንድ ነው።

መጋዘኑና ሠራተኛው

ማኅደረ ትውስታን እንደ አንድ ረጅም መጋዘን ማሰብ ይቻላል። መደርደሪያዎቹ ከ0 እስከ 65,535 ድረስ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ይህ ቁጥር አድራሻ ይባላል። በእያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሱም ከ0 በታች ከ255 በላይ ሊሆን አይችልም። ይህ መጠን ባይት ይባላል። አንድ ባይት በስምንት ቢቶች ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ቢት ኤሌክትሪክ አለ ወይም የለም፣ አንድ ወይም ዜሮ ማለት ነው።

ማይክሮፕሮሰሰሩ ከመጋዘኑ ጋር የሚገናኘው በሽቦዎች ነው። በ16 የአድራሻ ሽቦዎች የመደርደሪያውን ቁጥር ይጠራል፤ በ8 የመረጃ ሽቦዎች ይዘቱን ይቀበላል ወይም ይልካል፤ በአንድ ሌላ ሽቦ ደግሞ «አንብብ» ወይም «ጻፍ» መሆኑን ያስታውቃል። በራሱ ውስጥ ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ሒሳብ የሚሠራባት አኩሙሌተር የተባለች አንዲት የባይት ቦታ፣ ለመቁጠሪያ የሚያገለግሉ ኤክስና ዋይ የተባሉ ሁለት ሌሎች፣ የመጨረሻውን ሒሳብ ውጤት ጠባይ የሚይዙ ምልክቶች፣ እንዲሁም ሁለት ጠቋሚዎች አሉት። ከጠቋሚዎቹ አንዱ ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው ነው፤ የፕሮግራም ቆጣሪ ይባላል። የሚይዘውም የሚቀጥለው ትእዛዝ ያለበትን መደርደሪያ ቁጥር ነው። ማይክሮፕሮሰሰሩ ስለ ነገ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊይዘው የሚገባ ነገር አለ። ትእዛዙም ቁጥር ነው፤ ትእዛዙ የሚሠራበት መረጃም ቁጥር ነው፤ ሁለቱም በአንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1945 የሒሳብ ሊቁ ጆን ቮን ኖይማን ባዘጋጀው ሪፖርት በግልጽ ከተጻፈ ወዲህ የአብዛኛው ኮምፒውተር መሠረት ሆኗል። ጉልበቱም ደካማ ጎኑም ከዚህ ይመነጫል።

ሥራውን ሁሉ የሚመራው የሰዓት ምት ነው። ይህ ሰዓት ጊዜ የሚናገር ሳይሆን እንደ ከበሮ እኩል እየመታ ሁሉም አካል በአንድ ላይ እንዲራመድ የሚያደርግ ነው። የመጀመሪያው 6502 ሰዓቱ በሴከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። በአንድ ምት ውስጥ ከመጋዘኑ አንድ ጊዜ ብቻ ያነባል ወይም ይጽፋል።

ሁለት ማሳን መደመር

አንድ ገበሬ ከአንዱ ማሳ 14 ኩንታል፣ ከሌላው 9 ኩንታል ጤፍ አገኘ እንበል። ድምሩን አስልቶ በመደርደሪያ ቁጥር 512 ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ለ6502 ሲጻፍ የሚከተሉት ስምንት ቁጥሮች ናቸው፦ 169፣ 14፣ 24፣ 105፣ 9፣ 141፣ 0፣ 2። እነዚህ ከመደርደሪያ 1536 ጀምሮ እስከ 1543 በተራ ተቀምጠዋል፤ የፕሮግራም ቆጣሪውም 1536 ላይ ቆሟል።

በመጀመሪያው ምት ማይክሮፕሮሰሰሩ 1536ን በአድራሻ ሽቦዎቹ ላይ ያወጣል፤ መጋዘኑም 169ን ይመልሳል። ትእዛዝ ማምጣት የሚባለው ይህ ነው። ቆጣሪውም ወዲያው 1537 ይሆናል። የመጣው ቁጥር ትእዛዝ ፈቺ ወደተባለው ክፍል ይገባል። ይህ ክፍል የሚያስብ አይደለም፤ በፋብሪካ ሲሠራ አቀማመጡ ለዘለቄታው የተወሰነ የትራንዚስተሮች መረብ ነው። የቁጥሩ ስምንት ቢቶች እንደ ቁልፍ ጥርሶች ሆነው የተወሰኑ በሮችን ይከፍታሉ፣ ሌሎችን ይዘጋሉ። 169 የሚከፍተው በር «የሚቀጥለውን ቁጥር አምጥተህ አኩሙሌተር ውስጥ አስገባ» የሚለውን ነው። በሁለተኛው ምት 14 ከ1537 ይነበባል፤ ቆጣሪው ወደ 1538 ያልፋል። በሁለት ምት አንድ ትእዛዝ ተፈጸመ።

ቀጥሎ 24 ይመጣል። ትርጉሙ «የተሻጋሪ ምልክትን አጥፋ» ነው፤ ከድምር በፊት ሰሌዳን እንደማጥራት ነው። ይህ ትእዛዝ ተከታይ ቁጥር አያስፈልገውም። ሆኖም 6502 በእያንዳንዱ ምት ከመጋዘኑ ጋር የመገናኘት ልማድ ስላለው፣ በሁለተኛው ምት 1539ን ያነብና የመጣውን ይጥለዋል፤ ቆጣሪውንም አያንቀሳቅስም። የባከነች ምት ናት። አምራቾቹ ግን ብክነቷን ማስቀረት ከሚጠይቀው ተጨማሪ ትራንዚስተር ይልቅ ብክነቷን መረጡ። 25 ዶላር የሆነውም እንዲህ ባለው ቁጠባ ነው።

105 «የሚቀጥለውን ቁጥር በአኩሙሌተር ካለው ጋር ደምር» ማለት ነው። ቀጥሎ የተቀመጠው 9 ይመጣል፤ የሒሳብ ክፍሉ 14ንና 9ን ደምሮ 23 ያገኛል። ደስ የሚለው ነገር፣ 23 ወደ አኩሙሌተር የሚገባው የሚቀጥለው ትእዛዝ በመምጣት ላይ ሳለ ነው። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። ይህች ትንሽ መደራረብ በኋላ ዘመን ምን ያህል እንደምትገዝፍ ከታች እናያለን።

የመጨረሻው ትእዛዝ 141 ነው፤ «በአኩሙሌተር ያለውን በሚከተለው አድራሻ ላይ ጻፍ» ይላል። አድራሻ ከ255 ስለሚበልጥ በአንድ ባይት አይጻፍም፤ ሁለት ባይት ይወስዳል፤ ትንሹ ቀድሞ ትልቁ ይከተላል። 0 እና 2 ሲነበቡ፣ 2 ጊዜ 256 ሲደመር 0፣ 512 ይሆናል። በአራተኛው ምት ማይክሮፕሮሰሰሩ የማንበቢያውን ሽቦ ወደ መጻፊያ ቀይሮ 23ን ወደ መደርደሪያ 512 ይልካል። ሁሉም ሲደመር 10 ምት፣ ማለትም ከአንድ ሴከንድ 100 ሺህ እጅ አንዱ ጊዜ ፈጀ።

ምርቱ 200 እና 100 ኩንታል ቢሆን ኖሮስ? 300 በአንድ ባይት አይገባም። አኩሙሌተሩ 44 ብቻ ይይዛል፤ የጎደለውን 256 የምትወክለው ደግሞ ቀደም ሲል የጠፋችው የተሻጋሪ ምልክት ትሆናለች፤ አሁን ትበራለች። በልጅነት ድምር ስንማር ወደ ቀጣዩ ረድፍ የምናሻግራት አንድ ማለት ናት። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ምልክቷን አይቶ በሁለተኛው ባይት ላይ ካልደመራት፣ ገበሬው 300 ኩንታል አምርቶ 44 ተመዘገበለት ማለት ነው። ማሽኑ በዚህ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። «ኮምፒውተሩ ተሳሳተ» የሚለው አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ትእዛዙን የጻፈውን ሰው ነው። ሒሳቡ ያልተስማማው ደንበኛ «ሲስተሙ ያለው ነው» የሚል መልስ ሲሰጠው ዝም ማለት የማይገባውም ለዚህ ነው።

ፊደልም ለማሽኑ ቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያካትት «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609 እያለ የቤቱን ተራ ተከትሎ ሄዷል፤ «ለ» 4616 ላይ ይጀምራል። በአንድ ባይት ስለማይገባ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል በስልክ ሲላክ ከአንድ በላይ ባይት ይወስዳል።

ወደ ኋላ መመለስ

ቆጣሪው ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ ቢጓዝ ኖሮ ማሽኑ ትእዛዞቹን አንድ ጊዜ ጨርሶ ሥራ ፈት በሆነ ነበር። ኃይሉ የሚገኘው ቆጣሪውን ራሱን የሚቀይሩ ትእዛዞች በመኖራቸው ነው። ከቀደመው ፕሮግራም ቀጥሎ ከ1544 ጀምሮ 162፣ 10፣ 202፣ 208፣ 253 ተጽፈዋል እንበል። 162 ኤክስ ውስጥ 10ን ያስገባል። በ1546 ያለው 202 ከኤክስ አንድ ይቀንሳል። 208 ደግሞ «የቀደመው ውጤት ዜሮ ካልሆነ ዝለል» ይላል፤ የዝላዩን ርዝመት የሚናገረው 253 ነው። በዚህ ቦታ ከ127 በላይ የሆነ ቁጥር ወደ ኋላ መሄድን ያመለክታል፤ 253 ከ256 በሦስት ስለሚያንስ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነው። ትእዛዙ ሲነበብ ቆጣሪው 1549 ደርሷልና፣ ሦስት ሲቀነስ 1546 ይሆናል። እንደገና ይቀነሳል፣ እንደገና ይጠየቃል፤ ኤክስ ዜሮ ሲደርስ ብቻ ቆጣሪው ወደ 1549 ያልፋል። አሥሩ ዙር በ51 ምት ያልቃል።

ቆጣሪው «ቀሪ ሒሳብ ዜሮ ከሆነ መብራቱን ቁረጥ» የሚለውን የሚወስነው፣ የፓምፕ መቆጣጠሪያው «ጉድጓዱ ከደረቀ ሞተሩን አቁም» የሚለውን የሚፈጽመው በዚህች ዓይነት ትእዛዝ ነው። ከምርጫው በስተጀርባ ያለው አንዲት ምልክት በርታለች ወይስ ጠፍታለች የሚለው ብቻ ነው።

አንድ ቢት ስትሳት

ወደ መጀመሪያዎቹ ስምንት ቁጥሮች እንመለስ። 169 በቢት ሲጻፍ 10101001 ነው። ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ወርዶ የመጨረሻዋ አንድ እንደ ዜሮ ተነበበች እንበል። ቁጥሩ 168 ይሆናል። 168ም በ6502 ዘንድ ሕጋዊ ትእዛዝ ነው፤ «የአኩሙሌተርን ይዘት ወደ ዋይ ቅዳ» ማለት ነው። ችግሩ ይህ ትእዛዝ ተከታይ ቁጥር የማይፈልግ መሆኑ ነው። ስለዚህ የኩንታሉ ቁጥር የነበረው 14፣ አሁን እንደ አዲስ ትእዛዝ ይነበባል።

14 እንደ ትእዛዝ ሲፈታ «በሚከተለው አድራሻ ያለውን ቁጥር እጥፍ አድርግ» ነው። የሚከተሉት 24 እና 105 አድራሻ ተደርገው ተወስደው 26904 ይሆናሉ። በዚያ መደርደሪያ ምንም ይኑር ምን ይበላሻል። ቀጥሎ ሁለተኛው ማሳ የነበረው 9 ትእዛዝ ሆኖ የአኩሙሌተርን ቢቶች ከ141 ቢቶች ጋር ይቀላቅላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው 0 «ሁሉን አቋርጠህ ወደ ሌላ ቦታ ሂድ» የሚል ትእዛዝ ነው። ድምሩ አልተሠራም፤ 512 ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ማሽኑም ቅር አላለውም። አንዲት ቢት ስታ ቃላቱ ሁሉ በተሳሳተ ቦታ ተከፋፈሉ። በአማርኛ የቃላት መለያያ ሁለት ነጥብ በስሕተት ቦታ ቢገባ ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ትርጉም እንደሚሰጠው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ሰው አንባቢ ግራ ተጋብቶ ቆም ይላል፣ ማይክሮፕሮሰሰር ግን አይቆምም።

ከዚህም የከፋ አለ። 6502 ከሚያውቃቸው 256 ቁጥሮች አምራቹ ትርጉም የሰጣቸው 151 ብቻ ናቸው። ትርጉም ካልተሰጣቸው መካከል 2 ቁጥር ይገኝበታል። ቆጣሪው መንገዱን ስቶ 1543 ላይ ቢያርፍና 2ን እንደ ትእዛዝ ቢያነብ፣ የመጀመሪያው 6502 ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቁልፍ ቢነካ፣ ምልክት ቢላክ አይሰማም። የሚያነቃው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደገና የማስጀመሪያው ሽቦ።

ይህ ሽቦ ሲነካ ማይክሮፕሮሰሰሩ የሚሠራውን ሁሉ ትቶ በቀጥታ ወደ መደርደሪያ 65532 እና 65533 ይሄዳል፤ በዚያ የሚያገኛቸውን ሁለት ባይቶች በቆጣሪው ውስጥ ይጽፋል። በእነዚያ ቦታዎች 0 እና 6 ካሉ፣ 6 ጊዜ 256፣ ማለትም 1536 ላይ ይጀምራል። እነዚህ መደርደሪያዎች ኃይል ሲጠፋ በማይጠፋ ማኅደረ ትውስታ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢቅበዘበዝ መነሻውን አያጣም። የደነዘዘን ስልክ አጥፍቶ ማብራት የሚያድነው በዚህ ምክንያት ነው። የተበላሸ ነገር አይጠገንም፤ ቆጣሪው ግን ወደሚታወቅ ቦታ ይመለሳል። ስሕተቱ ያለው በማይጠፋው ማኅደረ ትውስታ በተጻፈው ፕሮግራም ውስጥ ከሆነ አጥፍቶ ማብራት አይፈይድም፤ ያው ትእዛዝ እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ይፈጸማል።

አጥፍቶ ወዲያው ማብራትም ሁልጊዜ በቂ አይደለም። በመሣሪያው የኃይል ክፍል ውስጥ ያሉ ካፓሲተር የተባሉ አካላት ኤሌክትሪክን ለጥቂት ጊዜ ያቆያሉ። ኃይሉ ፈጽሞ ሳያልቅ ከተመለሰ ማሽኑ ግማሽ ሞቶ ግማሽ ነቅቶ ሊቀር ይችላል። ከሶኬት ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ የሚመከረው ለዚህ ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰዓትም መሣሪያን ነቅሎ ኃይሉ እስኪረጋ መቆየት የተሻለ ነው፤ ከፍጹም መጥፋት ይልቅ አደገኛው መዋዠቁ ነውና።

የዛሬ ዘመን ትናንሽ ቺፖች ለዚህ ሁለት መከላከያ አላቸው። አንደኛው የኃይሉን መጠን የሚለካ ክፍል ሲሆን፣ ቮልቱ ከሚፈለገው በታች ሲወርድ ማይክሮፕሮሰሰሩን በማስጀመሪያው ላይ ይዞ ያቆየዋል፤ የተዛባ ትእዛዝ ከመፈጸም ምንም አለመፈጸም ይሻላል የሚል አሠራር ነው። ሁለተኛው ዘበኛ ሊባል የሚችል ራሱን የቻለ ቆጣሪ ነው። ትክክለኛው ፕሮግራም ይህን ዘበኛ በየጊዜው «አለሁ» ይለዋል። ፕሮግራሙ መንገድ ስቶ ድምፁ ከጠፋ፣ ዘበኛው የተወሰነለት ጊዜ ሲያልፍ የማስጀመሪያውን ሽቦ ራሱ ይነካል። ማንም በማይደርስበት ማማ ላይ ወይም ሜዳ ላይ የተተከለ መሣሪያ ያለ ሰው እጅ ዳግም የሚነቃው እንዲህ ነው። ቀሪ ሒሳብን የመሰለ መረጃ በአብዛኛው ኃይል ሲቋረጥ በማይጠፋ ማኅደረ ትውስታ ስለሚቀመጥ፣ መብራት ስለጠፋ ብቻ የተሞላ ካርድ ይጠፋል ብሎ መስጋት አይገባም። ቆጣሪው ደንዝዞ ከቆየ ማኅተሙን ፈትቶ መነካካት ሳይሆን ለአገልግሎት ሰጪው ማስታወቅ ነው የሚያዋጣው።

በስልክ የሚፈጸም ክፍያ ግን ሌላ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ አገልግሎት በሚሰጠው ቴሌብርም ሆነ በባንኮች መተግበሪያዎች፣ ሒሳቡ የሚያዘው በስልኩ ማይክሮፕሮሰሰር ሳይሆን በተቋሙ ኮምፒውተሮች ነው። ስልኩ ክፍያ መሐል ላይ ቢደነዝዝ ትእዛዙ ቀድሞ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይደርስም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስልኩን ካበሩ በኋላ መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብንና የደረሰ መልእክትን ማየት፣ ክፍያውን መድገም ከዚያ በኋላ።

በር ሲንኳኳ

ቁልፍ ሲነካ ወይም ጥሪ ሲመጣ ማይክሮፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ ላይ ነው። የማቋረጫ ምልክት ሲደርሰው የጀመረውን ትእዛዝ ይጨርሳል፤ ቆጣሪው የደረሰበትን ቦታና ምልክቶቹን ቁልል በተባለው የማኅደረ ትውስታ ክፍል ያስቀምጣል፤ ከዚያ እንግዳውን ለማስተናገድ ወደ ተዘጋጀው ፕሮግራም ይሻገራል። ለ6502 ይህ ሽግግር 7 ምት ይፈጅበታል። ሲጨርስ ያስቀመጠውን አንሥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ስልካችን ዘፈን እያሰማ መልእክት የሚቀበለው በዚሁ መንገድ ነው።

ከአንድ አጫጅ ወደ ደቦ

የዛሬው የስልክ ቺፕ ሰዓት በሴከንድ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ይመታል፤ ትራንዚስተሮቹም በቢሊዮኖች ይቆጠራሉ። ፍጥነቱ ግን ከሰዓቱ ብቻ የመጣ አይደለም። 6502 ላይ ያየናት ትንሽ መደራረብ አድጋ ደቦ ሆናለች። በአጨዳ ጊዜ አንዱ ያጭዳል፣ ሌላው ነዶ ያስራል፣ ሦስተኛው ይከምራል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ ነዶው ግን በተራ ያልፋል። በዘመናዊ ቺፕም አንዱ ትእዛዝ ሲመጣ የቀደመው ይፈታል፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ይፈጸማል።

ይህ ደቦ እንዳይቋረጥ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። ዋናው ማኅደረ ትውስታ ከማይክሮፕሮሰሰሩ እጅግ የዘገየ በመሆኑ፣ ሁልጊዜ ወደ ጎተራ ከመመላለስ ለዕለት የሚበቃውን በቅርብ በእንቅብ እንደማስቀመጥ፣ ቺፑ በራሱ ላይ ካሽ የተባለ ፈጣን ማኅደረ ትውስታ ይይዛል። ሁለተኛው ግምት ነው። «ዜሮ ካልሆነ ዝለል» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ውጤቱ እስኪታወቅ ከመቆም፣ ቀደም ሲል የሆነውን አይቶ ወዴት እንደሚዘለል ይገምታል፤ በዚያም መንገድ ትእዛዞችን አምጥቶ መፈጸም ይጀምራል። ግምቱ ከተሳሳተ ሥራውን ጥሎ ይመለሳል።

አብዛኞቹ የእጅ ስልኮች የሚሠሩበት አርም የተባለው የትእዛዝ ሥርዓት ከ6502 ጋር ታሪካዊ ትስስር አለው። የእንግሊዙ አኮርን ኩባንያ ኮምፒውተሮቹን በ6502 ሲሠራ ቆይቶ፣ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የሚተካው ፈጣን ቺፕ ንድፍ አወጡ። የመጀመሪያው አርም ቺፕ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1985 ሥራ ጀመረ።

ግምቱ ዋጋ እንደሚያስከፍል የታወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ተመራማሪዎች ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉ ክፍተቶችን ይፋ አደረጉ። በግምት ተጀምረው የተጣሉ ትእዛዞች ውጤታቸው ቢሰረዝም በካሽ ውስጥ ዱካ ይተዋሉ፤ ክፉ ፕሮግራም የንባብ ፍጥነትን በመለካት ከዚያ ዱካ የሌላውን ፕሮግራም ምስጢር፣ የይለፍ ቃልን ጨምሮ፣ ሊያነብ ይችላል። ክፍተቱ በቺፑ አሠራር ውስጥ ያለ በመሆኑ በተሸጡ መሣሪያዎች ላይ የሚደረገው መከላከል በአመዛኙ በሶፍትዌር ዝማኔ ነው። ስልኩ ዝማኔ መኖሩን ሲያሳውቅ፣ ኢንተርኔትና በቂ ባትሪ ባለበት ሰዓት መጫን፣ በመጫን ላይ ሳለም አለማጥፋት ያስፈልጋል፤ በዚያች ሰዓት እየተጻፈ ያለው ማይክሮፕሮሰሰሩ ነገ ሲበራ መጀመሪያ የሚያመጣቸው ትእዛዞች ሊሆኑ ይችላሉና።